ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ሕግ

ይሄ ነገር በኔ ላይ ደርሷል።

ማስረጃ አምጪ የሚለኝ ካለ ቤቱ ሄዶ የራውተሩን ገጽ ይክፈትና የሕጎቹን ዝርዝር ከላይ ጀምሮ ያንብብ። እኔ ለማንም ምዬ የምገዘትበት አንጀት አልቆብኛል።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው። ሌሊት አይደለም፣ መብራትም አልጠፋም። ፀሐይ መስኮቱ ላይ ነበረች፣ ጎረቤት ራዲዮ ከፍቶ ነበር፣ ከታች ደግሞ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ቦታው የአባቴ መኝታ ክፍል ነው።

በቅድሚያ ግን ስለ ራሴ ትንሽ ልበል...

የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ፣ ከውጭ ያለ ሰው ደግሞ ዘው ብሎ እንዳይገባባቸው አደርጋለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሽዬ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ሽበት አውጥቼም ሚጢ ነው የሚለኝ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ሳይቆልፍ በር የማይከፍት ሰው። ቆሻሻ ለሚወስደው ልጅ እንኳን ኮት ደርቦ ነበር የሚወጣው። እናቴ በሕይወት እያለች "ሚኒስትር ነው እንዴ የመጣብህ?" እያለች ትስቅበት ነበር።

አምና ስትሮክ መታው።

ቀኝ ጎኑ በሙሉ ሞተ። ምላሱ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ትንሽ ትንሽ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ልብሱን እየቀየርኩለት ሳለ በግራ እጁ እጄን ያዘኝ።

"እንዲህ ሆኜ... ማንም አይየኝ።"

"ከኔ በቀር ማንም አያይህም አባዬ።"

"ማይልኝ..."

ማልኩለት።

በማግስቱ ምላሱ ጨርሳ ተሳሰረች። "ማይልኝ" ካለኝ በኋላ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። የቀረን ዓይኑ ብቻ ነው። አንዴ ከጨፈነ አዎ ነው። ሁለቴ ከጨፈነ አይደለም ነው።

እኔ ደግሞ መሐላዬን ጠበቅኩ። ዘመድ አዝማድ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ ብርቱካኑን ሳሎን ተቀብዬ ከደጅ እመልሳለሁ። ሁሉም አኮረፉኝ። ያኩርፉ፣ ምን ገዶኝ።

ጋሽዬ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፣ ልጁ ነውና እሱን እንኳን አልከለከልኩም። ሁለቱንም ጊዜ አባዬ በግራ እጁ ብርድ ልብሱን ጎትቶ ፊቱን ሸፈነበት። ጋሽዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከብርድ ልብስ ጋር ሲያወራ አይቼዋለሁ። አንጀቴን በላኝ። ግን ምን ላድርግ?

ከኔ ግን ፊቱን ሸፍኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ካሜራው ልምጣ።

ቀን ቀን የምትጠብቀው አስታማሚ አለች፣ አባዬን "ጋሼ" የምትለው፣ ጥሩ ሴት ናት። ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ግን ልጇን ከትምህርት ቤት ተቀብላ፣ አብልታ ነው የምትመለሰው። በዚያ ሰዓት አባዬ ብቻውን ነው። ስለዚህ ቁም ሣጥኑ ላይ ትንሽ ካሜራ አስቀመጥኩ። አንገቱን የሚያዞር፣ ድምፅ የሚሰማበትና የሚናገሩበት ዓይነት። ቢሮ ሆኜ በላፕቶፔ አየዋለሁ፤ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ስብሰባ ስገባ ብቻ ነው የምዘጋው።

በስፒከሩ አንድ ቀን ብቻ ተናግሬያለሁ። "አባዬ፣ እየመጣሁ ነው" ስለው ክው ብሎ ስለደነገጠ ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ካሜራውን ማንም ሌላ እንዳያይበት ኢንተርኔት ወደ ቤት በሚያስገባው ዕቃ፣ ራውተሩ ላይ፣ ሕግ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ነው።

ራውተሩ ውስጥ ያለው ፋየርዎል ማለት ወረቀት ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው በሉት። እንግዳ ሲመጣበት ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ያነባል። ለዚያ እንግዳ የሚሆን መስመር ሲያገኝ ያቆማል። ከዚያ በታች ምን እንደተጻፈ አያይም። ከላይ "ይግባ"፣ ከታች "አይግባ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ይገባል። ይሄን ያስተማረኝ ጋሽዬ ነው። "ሚጢ፣ መጀመሪያ የገጠመው ነው የሚፈርደው" ይለኝ ነበር፣ ጀማሪ ሳለሁ ስሳሳት እየሳቀ።

የኔ ዝርዝር ሁለት መስመር ነበር። አንደኛው፣ ከኔ ላፕቶፕ የመጣ ወደ ካሜራው ይግባ። ሁለተኛው፣ ከውጭ የመጣ ሌላ ማንም አይግባ።

የዚያን ቀን ጋሽዬ ከሩቅ ሆኖ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ አስተካከለ። ስንጨርስ ቀስ ብሎ፣ እኔም ባየው ምናለበት፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ አለኝ። መሐላዬን ነገርኩት። "እሺ፣ ቃልሽን ጠብቂ" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ጅል!

ሦስት ወር አለፈ።

ከዚያ አባዬ ከእጄ መብላት አቆመ።

አስታማሚዋ ስታጎርሰው ይበላል። እኔ ማንኪያውን ሳቀርብ ጥርሱን ይገጥማል። ሆዱን አሞት ይሆን ብዬ ብጠይቀው ሁለቴ ይጨፍናል። ተቀይመኸኛል ወይ ስለው... ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

አንድ ቀን ስገባ ትራሱ እርጥብ ነበር። ምራቁ ነው ብዬ ቀየርኩት።

ሌላ ቀን ደግሞ የካሜራው አንገት ዞሮ አገኘሁት። እኔ ክፍሉ በሙሉ እንዲታየኝ ወደ በሩ ጠጋ አድርጌ ነው የምተወው። አሁን ግን አጎንብሶ ትራሱን ብቻ ነበር የሚያየው። አስታማሚዋ ስታጸዳ ነክታው ይሆናል አልኩ።

ሰው ማየት ለማይፈልገው ነገር ሁሉ ምክንያት ይሰጣል።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ አስታማሚዋ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። ልትናገር ትፈልግና መልሳ ትውጠዋለች።

"እትዬ... አይቆጡኝና..."

"ምንድን ነው?"

"ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼን ባያወሯቸው።"

"እኔ?"

"ዛሬ ጃንጥላዬን ረስቼ ተመልሼ ነበር። ድምፅዎን ሰማሁ... በዚያ በዕቃው።"

"ምን አልኩት?"

"በሹክሹክታ ስለነበር አልለየሁትም። ግን ጋሼ ያለቅሱ ነበር።"

እኔ በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬም ላፕቶፔም ቢሮዬ ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር።

አመሰገንኳትና ሸኘኋት። ከዚያ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ።

እያንዳንዱ ሕግ አጠገቡ ቆጣሪ አለው። ሕጉ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይቆጥራል። የ"አይግባ"ዋን መስመር አየሁ።

ዜሮ።

የማያውቅ ሰው ዜሮ ሲያይ እፎይ ይላል። ማንም አልመጣብኝም ማለት ነው ብሎ። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ኢንተርኔት ላይ በር የማያንኳኳ ቀን የለም፤ የማንንም በር የሚነካካ ወስላታ መዓት ነው። በሦስት ወር ዜሮ ከሆነ እዚያ መስመር ድረስ የደረሰ የለም ማለት ነው። ከላይ የሚያስገባቸው አለ።

መስመሮቹን ቆጠርኩ...

ሦስት ናቸው።

ሁለት ነበር የጻፍኩት።

መካከል ላይ አንድ ገብቷል። ጎኑ ባለው ማስታወሻ ላይ "ካሜራ፣ ከውጭ" ይላል፤ ከሥሩ ባለው የኔ መስመር ጎን የጻፍኩትም ቃል በቃል ያንኑ ነው። ለዚህ ነው ዓይኔ ሦስት ወር ሙሉ ያለፈው። ልዩነቱ ሕጉ ላይ ያለ አንድ ቃል ብቻ ነበር። የኔው "አይግባ" ይላል። ይሄኛው...

"ይግባ።"

ከየትም የመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይግባ። የኔ ክልከላ ከሥሩ ተኝቷል፤ ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

የራውተሩን ፓስወርድ የሚያውቀው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። መስመሩን የት ቦታ ማስገባት እንዳለበት የሚያውቅም እሱ ብቻ ነው።

ደወልኩለት። ሰላምታ አልሰጠሁትም።

"ሁለተኛው መስመር ያንተ ነው?"

መጀመሪያ የምን መስመር አለ። ከዚያ ለሙከራ ያስገባሁትን ረስቼው ይሆናል አለ። ለሙከራ ያስገቡትን መርሳት የሙያችን በሽታ ስለሆነ ላምነው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ለሙከራ የገባ መስመር ላይ የኔን ማስታወሻ ለምን ይገለብጣል? ይሄንኑ ጠየቅኩት።

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"አባቴም እኮ ነው ሚጢ" አለ በመጨረሻ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ሲጥል እንዴት እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። ጮህኩበት። ሙያውን ያስተማርከኝ እንዲህ አድርገህ ልትሰርቀኝ ነው ወይ አልኩት። በኔ መሐላ ላይ በር ከፈትክ፣ አንተ ብቻ ብትገባ ደግ፣ ለዓለም ሁሉ ነው የከፈትከው፣ ከሃዲ ነህ አልኩት። አንድ ስድብ አላስቀረሁም።

ሁሉንም ሰማኝ። ሲናገር ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር።

"የማየው ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ አራት ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ተውኩት።"

"ለምን ተውከው?"

"አንቺን መስማት አቅቶኝ።"

ነገሩ አልገባኝም።

"ምን ሰማህ?"

"አውቀሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

"ጋሽዬ... ምን ሰማህ?"

"'አንተ ስትሄድ ነው እኔ የምኖረው' ስትይው ሰማሁ። ቀስ ብለሽ፣ እንደምታባብይው ሆነሽ። በየቀኑ። እሱ ያለቅሳል፣ አንቺ ትደግሚዋለሽ።"



እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ ሁሉንም ልንገራችሁ። ያንን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለጓደኛዬ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፣ ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም። ግን... አንድ ጠዋት፣ አንሶላውን ለሦስተኛ ጊዜ እየቀየርኩ፣ ሥራ ረፍዶብኝ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ በልቤ አስቤዋለሁ። ቃል በቃል እንዲሁ ነው ያሰብኩት። አንተ ስትሄድ ነው እኔ የምኖረው።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሰብኩት። ወዲያው አማተብኩ፣ አፈርኩ፣ ግንባሩን ሳምኩት።

"እኔ አይደለሁም" አልኩት ጋሽዬን። "ቢሮ ነበርኩ።"

"ድምፅሽን አላውቅም እንዴ?"

"ከሰማህ ለምን አልነገርከኝም? ሁለት ወር ሙሉ!"

"ምን ብዬ? ሰርቄ ሳይ ሰማሁሽ ልበል?"

እና ሁለት ወር ሙሉ እኔን እንደ አውሬ እያሰበ፣ በየሳምንቱ እየደወለ "አባዬ እንዴት ነው?" ይለኝ ነበር። ሰርቆኝ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

የሱን መስመር ሰረዝኩት። ፓስወርዱን ቀየርኩ፣ ቆጣሪዎቹንም ሁሉ ዜሮ አደረግኩ። ቁጭ ብዬ የ"አይግባ"ዋን ቆጣሪ ተመለከትኩ።

አንድ... ሦስት... አሥራ አንድ... አርባ።

ደጅ የነበረው ሁሉ አሁን የተዘጋ በር እያንኳኳ ነው። ደስ አለኝ። አንድ ጨዋታ አዋቂ ባለጌ በተከፈተው በር ገብቶ ድምፄን አስመስሎ ሲቀልድ ነበር፣ አሁን ውጭ ቀረ፣ አልኩ። ልቤ ውስጥ ያለውን ቃል ከየት አገኘው የሚለውን ግን ራሴን አልጠየቅኩም። ነገ እጠይቃለሁ ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ፈቃድ ወሰድኩ። ያ ሰዓት ሲደርስ ከአባዬ ጎን ልሁን አልኩ። ድምፁ አለመምጣቱን እሱም ይስማ፣ ከዚያ ሁሉንም አስረዳዋለሁ፣ ነገ ከእጄ ይበላል፣ ብዬ ነበር።

አስታማሚዋ በስድስት ተኩል ወጣች። ወንበር ወደ አልጋው ሳብኩ። ላፕቶፔ ጠፍቶ፣ ቦርሳው ውስጥ ሆኖ፣ እግሬ ሥር ነበር። በስልኬ የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

አባዬ ግድግዳውን ያያል።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። የ"አይግባ"ዋ ቆጣሪ በየደቂቃው ትጨምራለች፤ ጎሽ፣ ዘበኛዬ ነቅቷል።

ሰባት ከአምስት...

ሰባት ከዘጠኝ።

ልክ ከአሥር ሲሆን ቁም ሣጥኑ ላይ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ። የካሜራው አንገት እየዞረ ነበር። ቀስ ብሎ በሩን ተወ፣ መስኮቱን አለፈ፣ ትራሱ ላይ ደርሶ ቆመ።

ስልኬን አየሁ። "አይግባ"ዋ አሁንም እየቆጠረች ነው፣ እንግዶቹን እየመለሰች። በሷ በኩል ማንም አላለፈም።

ዓይኔን ወደ ላይ አነሳሁት።

አንደኛው መስመር... የኔው... በገዛ እጄ ከሁሉም በላይ ያደረግኩት...

እየቆጠረ ነው።

አንድ መቶ። ሦስት መቶ። ሺህ።

ከኔ ላፕቶፕ የመጣ ይግባ ብያለሁ። ላፕቶፑ እግሬ ሥር ነው፣ ጠፍቷል። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው።

ጋሽዬ ያን መስመር ባይጨምርም ይገባ ነበር። ዘበኛው የኔን መስመር ሲያነብ ያቆማል። ከዚያ በታች ያለውን አያይም።

ስፒከሩ ተነፈሰ።

"አባዬ..."

ድምፄ ነው። የሚመስል አላልኩም። ጠዋት ጠዋት ስቀሰቅሰው የምጠራበት ድምፅ ነው።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ... ዛሬ ብቻህን አይደለህም አይደል?"

አባዬ ዓይኑን ከግድግዳው ላይ አንስቶ ወደ ካሜራው አደረገ። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

"አጠገብህ የተቀመጠችው ስታጥብህ ምን እንደምታስብ... ልንገርህ?"

ተነሥቼ ገመዱን በጠስኩት። ነቀልኩት አላልኩም፣ ከነሶኬቱ ነው የጎተትኩት። የካሜራው ትንሽ መብራት ጠፋች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከታች ልጆቹ ጎል ብለው ይጮኻሉ።

ስልኩ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር፣ ገጹ እንደተከፈተ። አንደኛው መስመር ካሜራው ከጠፋም በኋላ መቁጠሩን አላቆመም።

አላነሳሁትም። አልጋው ሥር ተንበረከክኩና የአባዬን ግራ እጅ ያዝኩ።

"አባዬ፣ እየኝ። እዚህ አጠገብህ ነበርኩ። አፌን አልከፈትኩም፣ አይተሃል አይደል?"

አንዴ ጨፈነ።

"ያ የሰማኸው እኔ አይደለሁም። ከልቤ የወጣ አይደለም። ታምነኛለህ?"

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ልብስ ሲለካ ሰውን እንዲያ ነበር የሚያየው፣ ከትከሻ እስከ እግር፣ ምንም ሳያመልጠው።

ዓይኑን አንዴ ጨፈነ። "ተመስገን" ልል አፌን ከፈትኩ...

ደገመው።

ከዚያ እጁን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣ፣ ብርድ ልብሱን ጎተተና ፊቱን ከኔ ሸፈነ።